ልብ የታተመባት ጠብመንጃ

ካቡል ገበያ ውስጥ አሮጌ ጠብመንጃ ቢያነሡ፣ ሻጩ ቀድሞ የሚያሳይዎት አፈሙዙን ወይም ሰደፉን አይደለም። ባልጩት የሚነክሰው መተኮሻ የተገጠመበትን የጎን ብረት በአውራ ጣቱ ወልወል አድርጎ፣ በአራት የተከፈለች ትንሽ ልብ ያሳይዎታል። በየክፍሏ አንዳንድ የላቲን ፊደል አለ፦ ቪ፣ ኢ፣ አይ፣ ሲ። አናቷ ላይ ደግሞ የ4 ቁጥር የመሰለ ምልክት ቆሟል።

የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ማኅተም ነው። ኩባንያው በ1600 እ.ኤ.አ. በንግሥት ኤልሳቤጥ ፈቃድ ለንግድ ተቋቋመ፤ ኋላ ግን የራሱ ጦር፣ የራሱም ጠብመንጃ ነበረው። ልቧም መነሻዋ የሸቀጥ እስር ላይ የምትደረግ የነጋዴ ምልክት ናት። ቪ እንደ ዩ ትነበባለች፤ «ዩናይትድ» (የተዋሐደ) ለማለት ስትሆን፣ ሁለት ተቀናቃኝ ኩባንያዎች መዋሐዳቸውን ትናገራለች። በ1808 ገደማ ልቧ ቀርታ፣ ዘውድ ይዞ በኋላ እግሮቹ የቆመ አንበሳ ተተካ።

ስለዚህ ልቧን ማርቲኒ ሄንሪ ላይ ካገኟት ሐሰተኛ ለመሆኗ ክርክር አያስፈልግም። ያ ጠብመንጃ ለእንግሊዝ ጦር የተመረጠው በ1871 ነው፤ ኩባንያው ሕንድን መግዛት ካቆመ 13 ዓመት አልፎታል። የኻይበር መተላለፊያ አንጥረኞች ጠብመንጃ አስመስሎ በመሥራት የታወቁ ናቸው። ጽሑፉን ግን እንደ ሥዕል ስለሚገለብጡት፣ ኤን የምትባለው ፊደል ፊቷን አዙራ ትገኛለች።

የሚያስቸግረው ብረቱ እውነተኛ፣ ጠብመንጃው ሌላ ሲሆን ነው። አፍጋኖች የኩባንያውን መተኮሻ ፈተው ጀዛይል በሚሉት ረጅም ጠብመንጃቸው ላይ ይገጥሙት ነበር። ይህን ማጭበርበር አልለውም፤ የደህና ባለሙያ ሥራ ነው። ዋጋው ግን የጀዛይል ዋጋ ነው። የኩባንያው ጠብመንጃ አፈሙዝ 99 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቀዳዳው 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሜትር ይዞ መሄድ አያሳፍርም። ስናድርን ከውጅግራ ለመለየት ማኅተም የማያሻው የኛ አገር ሰው ይህ አይጠፋውም።

ቀጥሎ ማጉያ መነጽር ያውጡ። ዝገት የበላው ጉድጓድ የልቧን መስመር በልቶ ካለፈ፣ ልቧ ከዝገቱ ትቀድማለች። መስመሩ ጉድጓዱን ቆርጦ፣ ጠርዙ እንደ አዲስ ስለት ከቆመ ግን ዝገቱ ቀድሞ፣ ልቧ በኋላ መጥታለች። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ተፈልፍሎ በተሠራለት ቦታ ልክ መቀመጡንም ይዩ። ክፍተቱ በሰም ወይም በመጋዝ ዱቄት ከተሞላ ከሌላ ቤት የመጣ ነው።

እውነተኛ ናት ማለትም ብርቅ ናት ማለት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ካትማንዱ ካለ አሮጌ ቤተ መንግሥት ጥንታዊ ጠብመንጃ በአሥር ሺዎች ተገዝቶ ወጥቷል፤ የኩባንያውም ጠብመንጃዎች አብረው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢ የሚከፍለው ላልተነካው ነው፤ የባልጩት መተኮሻው በሌላ ዓይነት ላልተለወጠ፣ ሰደፉ ላልተጠገነ፣ ከሁሉም በላይ ባለቤቱ በብርጭቆ ወረቀት ላላብረቀረቀው።