ድሮና ዘንድሮ፦ ጥንድ ፎቶግራፍ እንዴት ይመረመራል

የአንድን ጎዳና የድሮና የዘንድሮ ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ማየት የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩን እንደ ሥራ ቆጥሮ የሚያከብረው ግን ጥቂት ነው። ዘዴው በአጭሩ ይኸው ነው፦ አሮጌው ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት፣ እዚያው ቆሞ እንደገና ማንሳት፣ ከዚያም ሁለቱን ማስተያየት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአልፕስ ተራሮችን የበረዶ ግግር ያጠኑ የነበሩ ሰዎች ተጠቅመውበታል። እኛም አገር ውጤቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዙ የናፒየር ጦር በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ በየቦታቸው ቆመው ደግመው ሲያነሷቸው፣ ብዙዎቹ ቦታዎች ከያኔው የተሻለ የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋን እንዳላቸው ታየ። መሬቱ ከዓመት ዓመት እየተራቆተ ብቻ መጣ የሚለው እምነት በዚህ ተናግቷል። ገጠሩን በሚመለከት ይህን ያህል ያስተማረን ዘዴ አዲስ አበባ ሲደርስ የናፍቆትና የሙገሳ ማጀቢያ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ሲለውጥ አንዱ ወገን ጥንድ ፎቶ አውጥቶ «ያጣነውን እዩ» ይላል፣ ሌላውም ጥንድ ፎቶ አውጥቶ «ያገኘነውን እዩ» ይላል። ፎቶግራፍ ግን ምስክር ነው፤ በበላ ልበልሃ ዘመን እንኳ ምስክር ሳይመረመር ፍርድ አይሰጥም ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፎቶ አንሺው የት ቆሞ ነበር የሚለው ነው። ብዙዎች የስልካቸውን ካሜራ አቅርበው ወይም አርቀው፣ ሕንጻው በአሮጌው ፎቶ ላይ የያዘውን ያህል ቦታ እንዲይዝ ካደረጉ በኋላ «ገጠመ» ይላሉ። በካሜራ ማቅረብና ማራቅ ግን የምስሉን ጠርዝ ከማጥበብና ከማስፋት በቀር በነገሮቹ አሰላለፍ ላይ የሚለውጠው የለም። በቅርብ ያለው ነገር በሩቅ ካለው በስተግራ ይውላል ወይስ በስተቀኝ፣ የፊተኛው ጣሪያ ከኋለኛው ሕንጻ ምን ያህሉን ይጋርዳል፣ ይህን የሚወስነው የቆሙበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ መቆሚያውን የሚፈልግ ሰው ሳይነቃነቁ የቀሩ ሁለት ነገሮች ይመርጣል፤ አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ። በፈረስ ላይ ያለውን የምኒልክን ሐውልትና የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አብሮ በሚያሳይ ፎቶ ላይ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ማለት ፈረሱን ከጣሪያው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ያሻግረዋል፤ ይህ ሽግሽግ ትክክለኛውን ቦታ ይናገራል። ይህን ያልጠበቀ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ትንሽ አይደለም። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ሕንጻውን በአሮጌው መጠን ለማግኘት ወደ ፊት መጠጋት ይመጣል፤ ሲጠጉ ደግሞ የቅርቡ አስፋልት ይንጣለላል፣ የሩቁ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ «ጎዳናው እንዴት ሰፋ!» ቢባል፣ ከስፋቱ የቱ የመንገድ ሥራው፣ የቱ የሌንሱ እንደሆነ ማንም አይለይም። የያኔው መቆሚያ ዛሬ የሕንጻ ውስጥ ሆኖ ከሆነም ያንኑ በግልጽ መናገር በቂ ነው፤ አስመስሎ ከመግጠም ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። ግድየለሽነቱ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ዓለም ፎቶ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ ያልፋል፤ እኛ ዘንድ ግን ቁጥሩ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተነገረ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይንሸራተታል፣ እነዚያ ዓመታት ደግሞ የአገሪቱን ታሪክ ሊያሻግሩ ይችላሉ። ከሥሩ «አራዳ፣ 1932» ብቻ የሚል ፎቶ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከሆነ አዲስ አበባ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ብዙም ያልራቀች ነጻ ከተማ ናት፤ ዓ.ም. ከሆነ በፋሺስት ጣልያን እጅ ያለች ከተማ ናት። ያው ቁጥር ጎዳናው ላይ የሚታየውን ወታደር፣ ባንዲራና የሱቅ ጽሑፍ ትርጉም ከሥሩ ይገለብጠዋል። ደግነቱ ከተማይቱ ራሷ መልሱን ታውቃለች። የምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. ለዘውዱ በዓል ቆመ፤ ጣልያኖች አንስተው ቀበሩት፣ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ስለዚህ ፈረሱ በአደባባዩ ላይ ከታየ ፎቶው የ1932 ዓ.ም. ሊሆን አይችልም። ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳም እንዲሁ ነው፤ በዚያው በዘውዱ በዓል ሰሞን ቆመ፣ በወረራው ወደ ሮም ተወሰደ፣ የተመለሰው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይ በሚያይ የቸርችል ጎዳና ፎቶ ላይ ደግሞ ከዳገቱ ራስ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ ከታየ ዘመኑ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አይቀድምም። መኪኖቹም ይናገራሉ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የዞረችው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው፤ መኪኖች በግራ የሚሄዱበት ጎዳና ከዚያ በፊት ነው። ይህ ማስረጃ የሚሠራው ግን ፎቶው ተገልብጦ ካልታተመ ብቻ ነው። አሮጌ ኔጋቲቭ በጀርባው ሲታተም ግራና ቀኙ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሱቁን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው፣ ፊደሉ እንደ መስታወት ከተገለበጠ መንገዱም ተገልብጧል። ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ የሌኒን ሐውልት ነው። ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ የወደቀው ደግሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም.። «1983» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ሐውልቱ የተተከለበትንም የፈረሰበትንም ዓመት ጽፏል፣ ማለትም ምንም አልጻፈም። አሮጌ ፎቶ የሚያሰራጩ ሰዎች ከቁጥሩ ጋር ሁለት ሦስት ፊደል መጨመር እስኪለምዱ ድረስ በየጥንዱ ላይ የሚነሳው ክርክር ከንቱ ድካም ሆኖ ይቀጥላል።

ቦታውም ዘመኑም ተረጋግጦ እንኳ ጥንዱ የሚናገረው ስለ ሁለት ቀናት ብቻ ነው፤ በመካከል የሆነውን አያውቅም። የይሁዳ አንበሳ በቆመበት ዓመትና ዛሬ ቢነሳ «ምንም አልተለወጠም» ያሰኛል፤ ሮም ያሳለፋቸው ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ዓመታት ግን በሁለቱም ፎቶዎች ውስጥ የሉም። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ተነስቶ፣ በኋላ ተመልሶ ቆሟል፤ የ2000 እና የ2010 ዓ.ም. ፎቶዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሐውልቱን መሄድ አያሳዩም። እኔ ሁልጊዜ ሦስተኛ ፎቶ የምፈልገው ለዚህ ነው። አረንጓዴዋ አዲስ አበባ የሚባለውን ነገር ብንወስድ፣ የ1930ዎቹን ዓ.ም. ፎቶ ከዛሬው ጋር ያስተያየ ሰው ከተማይቱ ደን ነበረች፣ ሕንጻ በላት ይላል። ከዚያ በፊት ወዳለው ዘመን ግን እንሂድ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶዎች ላይ የሚታየው ድንኳንና ጎጆ የተበተነበት ገላጣ ኮረብታ ነው፤ የማገዶ እጥረቱ ብሶ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያቆያት በእርሳቸው ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ የምንናፍቀው ደን በሰው እጅ የተተከለ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የበቀለ የከተማ ሥራ ነበር። ሁለት ፎቶ «ደኑ ጠፋ» ሲል ሦስት ፎቶ «ተተክሎ ነበር፣ ደግሞም ሊተከል ይችላል» ይላል፤ በሁለቱ አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት ከተማን ለሚያቅድ ሰው ቀላል አይደለም።

«ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን? ሰው የልጅነት ሰፈሩን አይቶ ቢናፍቅ ምን አለበት?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለመናፈቅ ፈቃድ የሚጠየቅ የለም። ጥንዱ መፍረስ ይገባው ነበር ወይስ አይገባውም ለሚል ሙግት ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ግን መመርመር አለበት፤ ምክንያቱም ፎቶዎቹ የተመረጡበት መንገድ ራሱ ያዘነበለ ነው። የቀድሞ ፎቶ አንሺዎች፣ እንደ ቦያጅያን ቤተሰብ ለቤተ መንግሥት የሠሩትም ሆኑ የውጭ እንግዶቹ፣ ካሜራቸውን ያዞሩት በብዛት ወደ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣቢያና የበዓል ሰልፍ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሱ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎችን የሰበሰቡበትን መጽሐፍ የሚያገላብጥ፣ ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉትን ስብስቦች የሚያይ ሰው ይህን ያስተውላል። ታላቅ ተብሎ ፎቶ የተነሳው ሕንጻ ታላቅ ተብሎ ሳይፈርስም ይቀራል። ስለዚህ ጥንድ ሊሠራለት የሚችለው ብዙውን ጊዜ ተርፎ የቆየው ነው፤ ጊዮርጊስ፣ ለገሃር፣ ጣይቱ ሆቴል። ጥንዶቹን ብቻ የሚያይ ሰው ከተማይቱ ከእውነተኛው ያነሰ የተለወጠች ይመስለዋል።

ሚዛኑ በሌላው ወገንም ያዘነብላል። በፒያሳ አካባቢ የነበሩት የዶሮ ማነቂያና የሠራተኛ ሰፈር ብዙ ፎቶዎች የተነሱት በ2016 ዓ.ም. ሊፈርሱ ሲሉና ሲፈርሱ ነው፤ ነዋሪው ጓዙን ጭኖ ከሄደ፣ ቆርቆሮው ከተነቀለ፣ በሩ ከተወሰደ በኋላ። ይህን «በፊት» ብሎ፣ አምፖልና አበባ ያለውን አዲሱን መንገድ «በኋላ» ብሎ ማቅረብ በሽተኛን በሞተበት ቀን አንስቶ የሕይወት ዘመኑ መልክ ነው እንደማለት ነው። የሰፈሩ «በፊት» ሱቁ ተከፍቶ፣ ሰው እየወጣ እየገባ የነበረበት ተራ ማክሰኞ ነው፤ ያን ማክሰኞ ያነሳ የመንግሥት ወይም የውጭ ካሜራ አልነበረም። ያነሳው የቤተሰብ ካሜራ ነው። የክርስትና፣ የሰርግና የምረቃ ፎቶዎች ጀርባ ላይ የአጥሩ ዓይነት፣ የመብራቱ ምሰሶ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የጎረቤቱ ጣሪያ ሳይታሰብ ገብተዋል። ፎቶውን ያነሳው ሰው ጎዳናውን ለማሳመርም ለማስቀየምም አላሰበም፣ ስለ ጎዳናው ሲመሰክር የማምነው ለዚህ ነው። አልበሞቹ ዛሬ ከካዛንቺስና ከፒያሳ ነዋሪዎች ጋር ወደ ኮንዶሚኒየሞች ሄደዋል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የሰዎቹ ስም እንደሚጻፈው ሁሉ ቤቱ የነበረበት ሰፈር፣ ካሜራው ያየበት አቅጣጫና ዓመቱ ከነአቆጣጠሩ ይጻፍ፤ ይህም ቤቱ የት እንደነበር በጣቱ ማመልከት የሚችል ሰው በሕይወት ሳለ መሠራት ያለበት ሥራ ነው።