ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ የአብነት ሰፈር ተማሪዎች ምግብና እንቅስቃሴ

በወረርሽኝ ጊዜ ተማሪ ምን እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በአብዛኛው የሚወስነው የሚኖርበት ሰፈር ነው። በአዲስ አበባ ከመርካቶ ጥግ ያለው የአብነት ሰፈር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ቤቱ የተጠጋጋ፣ ግቢው የጋራ፣ መንገዱ የታክሲና የጫኝ አውራጅ ስለሆነ፣ ልጅ እንደልቡ የሚሮጠው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመጋቢት መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መርካቶ የሚገኝበት አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማም በግንቦት ወር በሽታው ከበረታባቸው የመዲናዋ አካባቢዎች አንዱ ሆነ።

መዘጋቱ በቅድሚያ የነካው ማዕዱን ነው። ቀደም ሲል «የእናት ወግ» በተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት ይሰጥ የነበረውን የተማሪዎች ምገባ፣ የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ራሱ ይዞት ነበር። ቁርስና ምሳው የሚቀርበው በትምህርት ቤቱ ግቢ ስለነበር፣ በሩ ሲዘጋ የዕለቱ ሳህን አብሮ ቀረ። ማዕድ ማጋራት የተባለው ዘመቻ ዱቄትና ዘይት ለችግረኛ ቤተሰቦች ቢያደርስም፣ ለቤተሰብ የተሰጠው ለሁሉም ስለሚከፋፈል የተማሪውን የዘወትር ምሳ አይተካም። የቀን ሥራ በቀዘቀዘበት ቤት ደግሞ ሽሮው ይቀጥናል፤ እንቁላል፣ ወተትና ፍራፍሬ ከሁሉ በፊት ይቀራሉ። ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ልጅ የሚገዛው ብስኩት፣ ቺፕስና ለስላሳ ነው።

ወቅቱም የጾም ነበር። ዐቢይ ጾም እስከ ሚያዝያ 10 ቀን ዘልቆ፣ ፋሲካ በዋለ በአምስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። ሁለቱም እምነቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት መርካቶ የምግብ ሰዓትና ዓይነት በየቤቱ ተለያየ። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን የዐቢይ ጾምን ሥርዓት ሳያፈርሱ ፕሮቲንና ብረት ይሰጣሉ፤ ለቤተሰብ አቅምም ከሥጋ ይልቅ የሚቀርቡት እነርሱ ናቸው።

እንቅስቃሴውም እንዲሁ ጠበበ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ይመክራል። አዋጁ ግን ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር፤ በዚህ ስሌት ሁለት በረኛና ሦስት ተጫዋች ያለው የሰፈር ኳስ እንኳን ከወሰኑ አልፏል። ትምህርቱ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ሲሆን መቀመጥ በዛ። በጠባብ ግቢ የሚቻለው ገመድ መዝለል፣ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ነው፤ እነዚህም ብዙ ቦታ ሳይጠይቁ ልብን ያሠራሉ።

በ2013 ዓ.ም. ትምህርት በፈረቃ ሲጀመር ሜዳውም ምገባውም ተመለሰ። ስለዚህ ለተማሪ ጤና ምክር መስጠት ብቻ አይበቃም። ትምህርት ቤት ዳግም የሚዘጋበት ቀን ቢመጣ፣ ምሳው በየትኛው በር እንደሚታደልና ልጆች በየተራ የሚንቀሳቀሱበት የትኛው ግቢ እንደሚከፈት ከወዲሁ መወሰን አለበት።