የበኵር ልቦለድ ወደ አንባቢው የሚደርስበት መንገድ፤ ተረቱና እውነታው

በአገራችን ስለ ድርሰት በሚነጋገሩ ሰዎች ዘንድ ማንም ሳይመረምረው ሲወርድ ሲዋረድ የቆየ አንድ እምነት አለ፤ እርሱም መልካም መጽሐፍ አዋጅ ነጋሪ ሳያሻው በራሱ ኃይል አንባቢውን ያገኛል፣ ደራሲውም ብዕሩን ካኖረ በኋላ ሌላ ድካም የለበትም የሚለው ነው። ይህ አሳብ ከትሕትና የተወለደ ስለሚመስል ይወደዳል፤ ነገር ግን ስንቱን የበኵር ልቦለድ በደራሲው ቤት በካርቶን እንደ ታሸገ ያስቀረ እርሱ ነውና፣ ታላላቆቹ መጻሕፍት በእርግጥ በሄዱበት መንገድ ሊመዘን ይገባዋል።

የዚህ እምነት ጠበቆች አስቀድመው የሚጠሩት ምስክር «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ በአርበኝነት፣ በግዞትና በዲፕሎማትነት የተፈተኑ፣ ስማቸውም አስቀድሞ የታወቀ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ ከማይታወቅ ወጣት የመጀመሪያ ድርሰት ጋር አቻ አድርጎ ማስረዳት ከመነሻው አይቀናም። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ወደ ሕዝቡ ልብ የገባው በኅትመት ብቻ አይደለም፤ ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ፣ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም ያልነበራት እናት፣ ሥራውን አቁሞ ጆሮውን ያዘነበለው ባለ ሱቅ፣ ሁሉም የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን መከራ፣ የጉዱ ካሣንም ተግሣጽ እንደ ቤተ ዘመድ ነገር አወቁት። ይህን መናገር የድርሰቱን ክብር አይቀንስም፤ እንዲያውም ያን ያህል የከበረ ሥራ እንኳ የሌላ ሰው ልሳን እንደ ረዳው ማወቅ፣ ለጀማሪው ደራሲ ከማንኛውም ምክር የሚበልጥ ትምህርት ይመስለኛል። ከእርሱ በፊትም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ከአንባቢው ሕዝብ ርቆ ታትሞ ሳለ፣ እስከ እኛ ዘመን ያደረሱት ደግመው ያሳተሙትና በየጉባኤ ትምህርቱ ያነሡት ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ተረት አሳታሚ የመለሰው ድርሰት ዋጋ ቢስ መሆኑ ተፈረደበት የሚል ነው፤ ብዙ ብዕር ያደረቀውም ይህ ነው። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ወጣት የሬዲዮ ሠራተኛ ሳለ፣ ሌላ ግልባጭ የሌለውን የመጀመሪያ ልቦለዱን የእጅ ጽሑፍ ከ22 ፓውንድ ክፍያ ጋር በታይፕ እንዲጻፍለት ወደ ለንደን ላከው፤ ወራት አለፉ፣ መልስ አልመጣም፤ የሥራ አለቃው የነበረችው አንጀላ ቢቲ ለንደን በሄደች ጊዜ በአካል ቀርባ በቍጣ ባትጠይቅለት ኖሮ፣ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ በር በአንድ ቢሮ ጥግ አቧራ ለብሶ በቀረ ነበር። ከዚያም በኋላ አንዳንዶቹ አሳታሚዎች አፍሪካዊ የጻፈው ልቦለድ ገበያ የለውም ብለው መለሱት፤ በመጨረሻ ያሳተመው ሃይነማን እንኳ ያመነታው፣ ምዕራብ አፍሪካን ያየው መምህር ዶናልድ ማክሬ አንብቦ እስኪመሰክርለት ድረስ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1958 በ2,000 ቅጂ ታተመ፤ በ1962 ሃይነማን የአፍሪካ ደራስያንን ተከታታይ ኅትመት ሲጀምር የመጀመሪያው ቍጥር ሆነ፤ በ1973 ደግሞ የእኛው ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልቦለድ በዚያው ተከታታይ ውስጥ ወጣ። ያ የአሳታሚዎች እንቢታ የገበያ ግምት ነበረ፤ ግምቱም ስሕተት ነበረ። ግልባጭ ሳያስቀሩ ብቸኛውን ጽሑፍ ለሰው መስጠት ግን ያን ጊዜም ዛሬም አደገኛ ነው።

ታሪኬን ይሰርቁኛል ብሎ የልቦለዱን ፍጻሜ ከአሳታሚ የሚሰውር ደራሲም ራሱን ይጐዳል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጅ መብት ድርሰቱ ከተጻፈበት ጊዜ አንሥቶ ያለ ምዝገባ የደራሲው ነው፤ ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ሕጉ የማይጠብቀው ባዶ አሳብን ነው፤ አሳብ ደግሞ ሳይጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ለአሳታሚ የሚቀርበው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ ታሪኩን ከመነሻው እስከ መድረሻው በቅንነት ይንገር፤ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ይከተሉት፤ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከዚህ በፊት አልተጻፈም» የሚለው ውዳሴ ግን ለአንባቢ ይተው።

ሦስተኛው ተረት የምርቃት በዓል ነው። አዳራሽ መከራየት፣ እንግዳ መጥራት፣ ሐያስያንን ማናገር ደስ የሚያሰኝ ሥርዓት ቢሆንም፣ በዚያ ቀን የሚገዙት አብዛኛውን ጊዜ ወዳጅና ዘመድ ናቸው፤ የመጽሐፉ ዕድል የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው፣ አከፋፋዩ ጋ፣ መጻሕፍት መደብሩ ጋ፣ በየመንገዱ ቁልል ተሸክሞ በሚዞረው አዟሪ እጅ። አዟሪው ደራሲያን ሊያከብሩት የሚገባ ሰው ነው፤ ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠይቅ፣ አንባቢ የትኛውን ገልጦ አይቶ እንደ መለሰው ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ደራሲ፣ በአገራችንም ብዙው እንዲህ ነው፣ ለማን ስንት ቅጂ፣ በምን ቀን፣ በስንት ብር እንዳስረከበ በፊርማ ይያዝ፤ ከጠቅላላው ጥቂት ቅጂዎችን ግን ከሽያጭ አውጥቶ ለአማርኛ መምህራን፣ ለክፍለ አገር ከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ ለንባብ ማኅበራትና መጽሐፍ ለሚተርኩ የሬዲዮ ዝግጅቶች ይላክ፤ በሳምንቱም ሳይሆን በስድስተኛው ወር ደርሶ ምን እንደ ተባለ ይጠይቅ።