የኤሌክትሪክ መኪና በጌዴኦ ዳገት

የሚከተለውን ገላጭ ጽሑፍ በጸጥታ አንብባችሁ በመጨረሻ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ሐዋሳን አልፎ፣ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዲላ ይደርሳል። ከዚያም በቡና፣ በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች የተሸፈኑትን ተዳፋቶች እየዞረ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ዐይነት የጭነት መኪኖች ይተላለፋሉ። አንዱ ቡና ጭኖ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሌላው ነዳጅ ሞልቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ኢትዮጵያ ነዳጅን የምትገዛው ከውጭ አገር ነው። የምትገዛበትን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙላት ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ደግሞ ቡና ነው። ስለሆነም ገበሬው ለቅሞና አድርቆ ከላከው ቡና ዋጋ ከፊሉ በቦቴ ተጭኖ ይመለሳል፤ ተቃጥሎም ጭስ ይሆናል። «መኪና ያለ ነዳጅ ሊሄድ ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ለጌዴኦ ሰው የሩቅ አገር ወሬ የማይሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ብዙዎች እንደሚያስቡት የትናንት ፈጠራ አይደለም። በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ሠረገላ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ይህም የሆነው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነው። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ባትሪ በእርሳስ የተሠራ፣ እጅግ ከባድና ጥቂት ኃይል ብቻ የሚይዝ ስለ ነበረ ገበያውን ቤንዚን ወሰደው። በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የሊቲየም ባትሪ እየተሻሻለ ሲሄድ ግን ነገሩ ተለወጠ።

አዲሱ ባትሪ ውድ ስለ ነበረ፣ ረጅም መንገድ የሚያስኬደው ትልቁ ባትሪ በመጀመሪያ የተገጠመው በአብዛኛው በቅንጦት መኪኖች ላይ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ጃጓር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «አይ-ፔስ» የተሰኘ መኪና ነው። መኪናው በተለምዶ ኤስ.ዩ.ቪ. ከሚባለው ወገን ነው፤ ይኸውም ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የታሰበ የቤት መኪና ማለት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓመቱ የዓለም መኪና ተብሎ ተሸልሟል። ምርቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ቢቋረጥም፣ አሠራሩ የሌሎቹንም ያስረዳል።

የመኪናው ዋና ዋና ክፍሎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከወለሉ ሥር የተነጠፈው ባትሪ ሲሆን፣ 600 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይልም ይይዛል። ሁለተኛው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለት ሞተሮች ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ከባትሪው ወደ ሞተሮቹ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ጅረት የሚለውጠውና የሚመጥነው መሣሪያ ነው። ሻማ፣ ካርቡራተር፣ የጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የለውም። የቤንዚን ሞተር ከተሰጠው ኃይል ውስጥ ለመንኮራኩሮቹ የሚያደርሰው ከሲሶ የማይበልጠውን ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከተሰጠው ከ80 ከመቶ በላዩን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ይበልጥ የሚታየው እንደ ጌዴኦ ባለ ዳገታማ አገር ነው። ከዲላ ተነሥቶ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣ መኪና እንውሰድ። መኪናው ከነተሳፋሪዎቹ 2,300 ኪሎ ግራም ቢመዝንና 1,000 ሜትር ከፍታ ቢወጣ፣ ክብደቱን ሽቅብ ለማንሣት ብቻ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ይህም ከባትሪው 7 ከመቶ ገደማ ነው። ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነጂው የፍጥነት መጨመሪያውን ሲለቅ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ሞተሩም እንደ ዲናሞ ሆኖ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል። የነዳጅ መኪና በቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን አግሎ የሚያባክነውን ኃይል ይህ መኪና በከፊል መልሶ ያጠራቅማል። ነገር ግን ባትሪውን ከተራራው አናት ላይ ጢም አድርጎ ሞልቶ ቁልቁል የሚነዳ ሰው ከዚህ ጥቅም አያገኝም፤ የሞላ እንስራ ተጨማሪ ውሃ አይቀበልምና።

እንስራ ደግሞ የሚቀዳበት ምንጭ ያስፈልገዋል። ፋብሪካው በሙከራ መለኪያ ያስመዘገበው የጉዞ ርቀት 470 ኪሎ ሜትር ነው። በመሆኑም መኪናው ከአዲስ አበባ ዲላ ሊደርስ ቢችልም ሳይሞላ አይመለስም። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የቤት መስመር ቢሞላ በሰዓት የሚያገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ባዶው ባትሪ እስኪሞላ ከ40 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ኃይለኛ መሙያ ባለበት ጣቢያ ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ 80 ከመቶ ያህሉ ይሞላል። ከመዲናይቱ እየራቁ በሄዱ መጠን እንዲህ ያለው ጣቢያ እየሳሳ ይሄዳል። መብራት በጠፋ ጊዜም መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።

ምንጩስ ከወዴት ነው? የኤሌክትሪክ መኪና የሚሞላበት ኃይል ከናፍጣና ከድንጋይ ከሰል የመነጨ ከሆነ፣ ጭሱ ከመንገድ ወደ ማመንጫው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በኢትዮጵያ ግን አብዛኛው ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከወንዞች ነው። ከጌዴኦ በስተምሥራቅ በገናሌ ወንዝ ላይ 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ጣቢያ በ2012 ዓ.ም.፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቀዋል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. ማራቶን ሞተር የተባለው ድርጅት በአገር ውስጥ የተገጣጠመ የኤሌክትሪክ መኪና ለእይታ አቀረበ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የውሳኔው ዋነኛ ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲታይ የቅንጦቱ መኪና ለጌዴኦ ገበሬ ተሠራ ማለት አይቻልም። ዋጋው ከአቅሙ በላይ ነው፤ ለቡና ጆንያም ስፍራ የለውም። በገጠር ገና መብራት ያልገባላቸው ብዙ ቤቶች እያሉ ለአንድ ሰው ምቾት 90 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ መሸከምም ያሳስባል። 8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የተገጠመለት ባጃጅ ቢሠራ፣ የአንዱ የቅንጦት መኪና ባትሪ 11 ለሚሆኑት ይበቃል። ሆኖም በውዱ መኪና ላይ የተፈተነው ዕውቀት ወደ ባጃጁ፣ ወደ አውቶቡሱና ወደ ጭነት መኪናው ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ የመኪና ጥቅም የሚለካው በወንበሩ ቆዳና በስሙ ሳይሆን፣ ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝና ማንን እንደሚያጓጉዝ ነው። ቡናውን ለገበያ የሚያደርሰው መኪና በወንዞቻችን ኃይል ዳገቱን የወጣ ዕለት፣ የቡናው ዋጋ ከቦቴው ይልቅ ለገበሬው ቤት ይተርፋል።

ጥያቄዎች

1. ቡና የጫነውና ነዳጅ የጫነው መኪና ምን ያያይዛቸዋል? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
2. ባትሪው በእንስራ የተመሰለው ለምንድን ነው? ምሳሌው ምን ያህል ያስኬዳል?
3. «ስለሆነም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ይኸውም» የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ ምን ዐይነት ሐሳቦችን እንዳገናኙ ለዩ። በእያንዳንዳቸውም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
4. በአካባቢያችሁ ከሚገኙ መሣሪያዎች አንዱን መርጣችሁ፣ ክፍሎቹን፣ አሠራሩንና ጥቅሙን በቅደም ተከተል የሚገልጽ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።