ብሎኩ ላይ የተጻፈው 53

እ.ኤ.አ. በ1998 ዶጅ ራም ፒክአፕ በሞዴሉ ዓመት እኩሌታ ላይ አዲስ የናፍታ ሞተር ይዞ ብቅ አለ። አዲስ ይባል እንጂ ዘሩ የታወቀ ነው። ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩት ባለ 5.9 ሊትሩ ካሚንስ ከ1989 ሞዴል ጀምሮ በዶጅ ፒክአፕ ላይ ሲገጠም ቆይቷል። ከመነሻው ለእርሻ መሣሪያና ለመካከለኛ የጭነት መኪና ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ፒክአፕ ውስጥ ሲገባ ሥራው ቀለለለት። ብቻውን ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉልበቱ 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢሆንም፣ ሳይከፈት መቶ ሺህ ማይሎችን እየደራረበ ስሙን አስጠራ። በ1998 የተለወጠው በዋናነት የላይኛው ክፍል ነው። በየሲሊንደሩ ሁለት የነበሩት ቫልቮች አራት ሆኑ፣ በድምሩ 24፤ ናፍታውን የሚገፋው የቦሽ ፓምፕም በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሆነ። ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው እነዚህ ላይ ነበር። የታችኛው ብረት፣ ማለትም ብሎኩ፣ ማንም የማይጠራጠረው ክፍል ነበር።

ከዚያ አንዳንድ መኪኖች ውሃ ማጉደል ጀመሩ። የራዲያተሩ ውሃ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ሹፌሩ ይጨምራል፤ እንደገና ይቀንሳል። መካኒኩ በልማዱ መሠረት ይሄዳል፦ ጎማ ቱቦዎቹን ያያል፣ የውሃ ፓምፑን ያያል፣ ካልሆነለት የቴስታታውን ጋርኒሲዮን ይጠረጥራል። ዘይቱ ግን ንጹሕ ነው፣ ከጭስ ማውጫውም ነጭ እንፋሎት አይወጣም፤ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ አይደለም። መኪናው ተነሥቶ ከሥር ሲታይ በብሎኩ ጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ እርጥብ መስመር ይገኛል። ያ ሲጠረግ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትታያለች።

አንድ መካኒክ አንድ የተሰነጠቀ ብሎክ ሲያይ ጥፋቱን ለባለመኪናው መስጠቱ ተፈጥሯዊ ነው። ፀረ በረዶ ሳይጨምር ክረምቱን አሳልፎ ውሃው በውስጡ በርዶ ይሆናል። ሞተሩን ያለ ውሃ ነድቶ አግሎት ይሆናል። ወይም በኮምፒውተር ጉልበቱን አስጨምሮ ከሚችለው በላይ አስጎትቶት ይሆናል። እያንዳንዱ ምክንያት በእርግጥም ብሎክ ይሰነጥቃል። ለሁሉም ግን አልሠራም፤ በአግባቡ የተያዙ፣ ማንም ያልነካካቸው ሞተሮችም እዚያው ቦታ ላይ ተሰነጠቁ። ብዙ ብሎኮች በብዙ ጋራዦች ካለፉ በኋላ ነው አንድ ሌላ ነገር የሚደጋገም መሆኑ የታየው። በተሰነጠቁት ላይ፣ ከብረቱ ጋር አብሮ የተጣለ ጎላ ያለ ቁጥር ነበረ፤ 53።

ይህ ቁጥር ለገዢ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ የትኛው ብሎክ ከየትኛው ቅርጽ እንደወጣ ለማወቅ የሚያኖረው የራሱ ምልክት ነው። እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ለፋብሪካው የውስጥ ሥራ የተቀመጠች ምልክት፣ እጃቸው ዘይት በነካ ሰዎች ትዕግሥት የአንድ ትውልድ መኪኖች መመዘኛ ሆነች።

ምክንያቱ አሠራሩን ሲያዩት ይገባል። ብሎክ የሚሠራው የቀለጠ ብረት በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ ነው። ውሃ የሚዞርበት ክፍተት እንዲቀር ደግሞ በቅርጹ ውስጥ ሌላ የአሸዋ ቅርጽ ይቀመጣል፤ ብረቱ በሁለቱ መካከል ይሞላል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት የግድግዳው ውፍረት ነው። ባለ 53ቱ ብሎክ፣ በአብዛኛው ከ1999 እስከ 2001 ባሉት ሞዴሎች ላይ የሚገኘውና ብራዚል ውስጥ የተጣለው፣ የውሃው ክፍተት የውጭ ግድግዳ ከሌሎቹ የሳሳ ነው። ብሎክ የሚጣልበት ግራጫ ብረት እንደ ሸክላ ነው፤ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲለጥጡት ግን ሳይታጠፍ ይሰነጠቃል። ሞተር በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ያ ስስ ግድግዳ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። በዚህ የተነሣ ብራዚልን ጠቅላላ የሚያወግዙ አሉ፤ ፍትሐዊ አይደለም። ከዚያ አገር የወጡ ጤነኛ ብሎኮች ሞልተዋል፤ ጥፋቱ የአንድ ቅርጽ ነው።

የአጎቴ ልጅ ይህን አንዱንም አያውቅም ነበር። ዳላስ አቅራቢያ ይኖራል፤ ሆትሾት ለሚባለው ሥራ፣ ረጅም ተጎታች እየጎተተ አስቸኳይ ጭነት ለማድረስ፣ የ2000 ሞዴል ዶጅ ራም 3500 አገኘ። ንጹሕ መኪና ነው፤ ዋጋው ግን ከእኩዮቹ ወረድ ይላል። አንድ አንጋፋ አበሻ መካኒክ ዘንድ ይዘነው ሄድን። ሰውየው ኮፈኑን እንኳ ከመክፈቱ በፊት መብራት ይዞ ከሥር ገባ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አስነሥቼ ድምፁን ልትሰማው አይሻልም?» አለው የአጎቴ ልጅ።

«ድምፁ ይቆየን ልጄ። ፓምፑ ቢሞት እቀይርልሃለሁ። ቴስታታው ቢጣመም ቶርኖ ቤት ይላጋል። ብሎኩ ከሄደ ግን ሞተሩ በሙሉ ይወርዳል፤ ኮሎው፣ ፒስተኑ፣ ሁሉም ወጥቶ ሌላ ብሎክ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከዚህ እጀምራለሁ።»

በሹፌሩ በኩል፣ ከናፍታ ፓምፑ ዝቅ ብሎ፣ ከዘይት ኮፓው በላይ ያለውን ቆሻሻ በጨርቅ ጠረገ። 53 ብቅ አለ።

የአጎቴ ልጅ ፊቱ ጠቆረ፤ ወደ ቁልፉ እጁን ሰደደ። መካኒኩ ግን አልተነሣም። እኔ እዚህ ላይ ነው ብዙ የተማርኩት። «ቁጥሩ የሚነግርህ ግድግዳው ስስ መሆኑን ነው፤ ተሰንጥቋል አላለህም» አለ። ተሰንጥቀው የማያውቁ፣ ዛሬም የሚሠሩ ባለ 53 ብሎኮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ፍተሻው ገና መጀመሩ ነበር።

ወደ ተሳፋሪው በኩል ዞሮ የብሎኩን ጎን ከፊት እስከ ኋላ በጣቱ ዳሰሰ። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ውሃ ደርቆ የተወው ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት፣ ከላይ የተለጠፈ ሲሊኮን፣ ወይም በአሮጌ ሞተር ላይ አንድ ቦታ ብቻ የተቀባ አዲስ ቀለም። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃውን ተመለከተ። ስንጥቅ ለመድፈን የሚጨመሩ መድኃኒቶች በውሃው ውስጥ ዝቃጭ ይተዋሉ፤ እሱን ያየ ገዢ ከሻጩ ጋር ሌላ ወሬ ሊጀምር ይገባል። በመጨረሻም በራዲያተሩ አፍ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ ግፊት ሰጠና ጠበቀ። መርፌው አልወረደም። ብሎኩ ደረቅ ነው።

«እንግዲያው ይግዛው?» አልኩ።

መካኒኩ መልሶ የአጎቴን ልጅ ጠየቀ፦ ምን ያህል ትጭናለህ? በሳምንት ስንት ቀን? ዳገት አለበት? የአጎቴ ልጅ ሥራውን ሲያስረዳው ራሱን ነቀነቀ። ለቤተሰብ ዕቃ፣ አልፎ አልፎ ጀልባ ለሚጎትት ሰው ይህ መኪና በዚህ ዋጋ መልካም ግዢ ነው አለ። በየቀኑ በቴክሳስ ሙቀት ሙሉ ጭነት ለሚጎትት ግን ስሱን ግድግዳ በየቀኑ መፈተን ነው።

ቢሰነጠቅስ መጠገን አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ እንደሚታሰበው ግን በብየዳ አይደለም። ይህ ብረት ካርቦን ስለሚበዛበት የተበየደበት ዙሪያ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ ይከፍታል። የሚሻለው ያለ እሳት መስፋት ነው። ስንጥቁን ተከትለው ቀዳዳ ይበሳሉ፣ እርስ በርስ እየተደራረቡ የሚቆላለፉ ጥርሳም የብረት ፒኖች ያጠብቁበታል፣ ከዚያ ፊቱን ያስተካክላሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተርሎክ በምትባል ከተማ ያለው ሎክ ኤን ስቲች በዚህ ሥራ ይታወቃል፤ ባለ 53ቱን ብሎክም ይሰፋል። በደንብ ከተሠራ ይይዛል። ነገር ግን የጭነት ሥራ ላይ ያለ መኪና የሚጠገንበት ቀን ገቢ የሚቋረጥበት ቀን ነው፤ ይህም ሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

የአጎቴ ልጅ ያንን መኪና ተወው። እኔም ልክ ነው እላለሁ፤ ሥራው ቀላል ቢሆን ኖሮ ግዛው ከሚሉት ወገን እሆን ነበር። በኋላ የ2002 ሞዴል አገኘ። በዚህኛው ጊዜ ከሥር የገባው ራሱ ነው፤ ቆሻሻውን ጠርጎ ቁጥሩን አነበበ፣ 53 አልነበረም። መካኒኩ ብሎኩን ፈትሾ ሲጨርስ ግን አላጨበጨበም። የእነዚህን ዓመታት ሞተሮች የሚያስጨንቁ ሁለት ነገሮች ገና ይቀሩ ነበር። አንደኛው ከፊት፣ ጥርሳም መዘውሮቹ በተቀመጡበት ሽፋን ውስጥ ያለችው ትንሽ የብረት ፒን ናት፤ በንዝረት ወጥታ ጥርሶቹ መካከል ከወደቀች ሞተር ትሰብራለች። የቀድሞው ባለቤት እንዳትወጣ አሳስሯት እንደሆነ ደረሰኙን ጠየቀ። ሁለተኛው የናፍታው ግፊት ነው። የቦሽ ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፍበት ናፍታ ስለሆነ፣ መጋቢው ፓምፕ ሲደክም ውዱን ይዞት ይሞታል። መለኪያ ገጥሞ መኪናውን ዳገት ላይ ሊነዳው ወጣ፤ መርፌው ከ10 ፒ.ኤስ.አይ. በታች ከወረደ ዋጋው እንደሚቀነስ ለሻጩ አስቀድሞ ነግሮት ነበር።