ድምፅ ያልወጣበት የጁባ ሰልፍ

ሰላማዊ ሰልፍ ማለት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያላቸውን አቋም ለመንግሥትም ለሕዝብም ለመግለጥ መሣሪያ ሳይዙ በአደባባይ ተሰብስበው የሚያደርጉት ጉዞ ሲሆን፣ ከአዳራሽ ስብሰባም ሆነ ከፊርማ ማሰባሰብ የሚለየው ተሳታፊው በጎረቤቱም በፖሊሱም ፊት ራሱን አሳይቶ በአካል የሚፈጽመው ተግባር በመሆኑ ነው። ስለዚህም የሰልፍ ክብደት በሰልፈኛው ብዛት ብቻ አይመዘንም፤ እያንዳንዱ ሰው ለመውጣት የከፈለው ዋጋና ይዞት የወጣው ስጋት አብሮ መታየት ይኖርበታል። በዚህ መለኪያ ከታየ፣ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ኅዳር 30 ቀን 2010 ዓ.ም. በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አፋቸውን በፕላስተር አሽገው ያደረጉት ጉዞ በአካባቢያችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ከባድ ሰልፎች አንዱ ነው።

ሴቶቹ አደባባይ በወጡበት ቅዳሜ የእርስ በርስ ጦርነቱ አራት ዓመት ሊሞላው ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና በቀድሞው ምክትላቸው በሪክ ማቻር መካከል የነበረው የሥልጣን ሽኩቻ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ወደ ተኩስ ከተለወጠ በኋላ አገሪቱን ያዳረሰ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ የተፈረመው የሰላም ስምምነትም ዓመት ሳይሞላው በዚያችው ከተማ በተቀሰቀሰ ውጊያ ፈርሷል። በ2009 ዓ.ም. የዩኒቲ ግዛት ክፍሎች በይፋ ረሃብ ታወጀባቸው፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ዩጋንዳ ውስጥ የተጠለሉት ደቡብ ሱዳናውያን ብቻ 1 ሚሊዮን ሲደርሱ፣ ጋምቤላን ጨምሮ በኢትዮጵያ የተጠለሉት ደግሞ ወደ 400 ሺህ ይጠጉ ነበር። ሴቶቹ የያዟቸው ጽሑፎች ሰላማቸው እንዲመለስ፣ ደም መፋሰሱ እንዲያበቃና የልጆቻቸው ዕድል እንዲተርፍ የሚጠይቁ ነበሩ።

በጁባ አንዲት ሴት አንድ ቀን ለሰልፍ ስታውል የምትተወው ነገር ብዙ ነው። በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ ከመሃል ከተማው በስተደቡብ እንደሚገኘው እንደ ሎሎጎ ባሉ፣ ከተማዋ ወደ ዳር ስትሰፋ ባደጉ ሰፈሮች የሚኖረው ቤተሰብ በአብዛኛው የቧንቧ ውኃ የለውም፤ ውኃ ከቦቴ ይገዛል፣ ገንዘቡ የሚገኘውም ሻይ አፍልቶ፣ ከሰል ቸርችሮ ወይም በኮኞ ኮኞ ገበያ መደብ ዘርግቶ በዕለቱ ከሚለቀመው ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ሰፈር ማልዳ ወደ መሃል ከተማ የምትወጣ ሴት የዕለቱን ገቢ ትታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ የበጋው ፀሐይ ሳይበረታ ለመድረስ በእግሯ ወይም በቦዳ ቦዳ (ይህ በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀው የሞተር ብስክሌት ታክሲ ነው) ተጉዛ ነው ከሰልፉ የምትቀላቀለው። የፖለቲካ ተሳትፎን የሚያጠኑ ሰዎች ለአደባባይ መጥፋት ምክንያቱን ብዙ ጊዜ በፍርሃት ወይም በግድየለሽነት ይፈልጉታል፤ የቀኑ እንጀራ ግን ከሁለቱ ባልተናነሰ ሰውን ከአደባባይ የሚያስቀር ኃይል አለው።

በዝምታ መሰለፍ በራሱ ለጁባ ብቻ የተለየ ዘዴ አይደለም። በሐምሌ 1909 ዓ.ም. በኒውዮርክ አምስተኛው ጎዳና ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን በኢስት ሴንት ሉዊስ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ በመቃወም ከከበሮ ድምፅ በቀር ምንም ሳያሰሙ ተጉዘዋል፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች «ድምፃችን ይሰማ» በሚል ስም ባካሄዱት እንቅስቃሴም ዝምታና አጣምረው የሚያነሷቸው እጆች ከዋና ዋና የተቃውሞ መግለጫዎች መካከል ነበሩ። ዝምታ ለአዘጋጆች ግልጽ ጥቅም አለው፤ መፈክር ከሌለ ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ ነገሩን የሚያጦዝ ጩኸት አይኖርም፣ ፖሊስም ለክስ የሚጠቅሰው ቃል አያገኝም።

ጁባ ውስጥ ግን ዝምታ ከዚህ የጠለቀ ትርጉም ነበረው። ደቡብ ሱዳን ከ60 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት አገር ስትሆን፣ ጦርነቱ በፈነዳባቸው የመጀመሪያ ቀናት ታጣቂዎች በከተማዋ ሰፈሮች እየዞሩ ሰዎችን በዲንካ ቋንቋ ይጠይቁ እንደነበር፣ መልስ ያጡትንም የኑዌር ብሔረሰብ አባላት ናችሁ ብለው ይገድሉ እንደነበር የሰብአዊ መብት መርማሪዎች መዝግበዋል። አነጋገር የሞትና የሕይወት መለያ በሆነበት ከተማ፣ ከአራት ዓመት በኋላ አፋቸውን አሽገው ጎን ለጎን የተጓዙት ሴቶች የትኛዋ ከየትኛው ወገን እንደሆነች በንግግሯ የሚለይበትን መንገድ ዘግተዋል። ይህንን አስበው አድርገውትም ይሁን ሳያስቡት፣ በፕላስተሩ ውስጥ ያለው ትልቁ መልእክት ይህ ነው፤ ጦርነቱ በቋንቋ የከፋፈለውን ሕዝብ ለአንድ ቀን ያለ ቋንቋ አንድ አድርገው አሳይተዋል። ስለ ሰላም በየጉባኤው ከተደረጉት ረጃጅም ንግግሮች መካከል ይህን ያህል የተናገረ ማግኘት ያስቸግራል።

የሰልፉ ጊዜም ታስቦበት የተመረጠ ይመስላል። ተፋላሚዎቹን ዳግም ለማደራደር በኢጋድ፣ ማለትም በምሥራቅ አፍሪካ በይነ መንግሥታት የልማት ባለሥልጣን፣ የተጠራው ጉባኤ በታኅሣሥ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሊከፈት ተቃርቦ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2003 ነጭ ልብስ ለብሰው አደባባይ ላይ በመቀመጥ የጀመሩት የላይቤሪያ ሴቶች እስከ ጋናው ድርድር ድረስ ተከትለው ተደራዳሪዎቹን እንደተጫኑ ሁሉ፣ የደቡብ ሱዳን ሴቶችም ጎዳናውን ከድርድር ጠረጴዛው ጋር ለማገናኘት ጥረዋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ፤ ሥራ ላይ በዋለ በሰዓታት ውስጥ ግን ተጣሰ። መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚያው በአዲስ አበባ የተፈረመው የታደሰው የሰላም ስምምነት ለሴቶች ከአስፈጻሚው አካል 35 በመቶ ድርሻ ሰጥቷል። ይህ የአንድ ቀን ሰልፍ ውጤት ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ለዓመታት በድርድር ክፍሎች ደጃፍ የቆሙ የሴቶች ማኅበራት ልፋት አለበትና።

የደቡብ ሱዳን የሽግግር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በሰላም የመሰብሰብን መብት ያረጋግጣል። ይሁንና በጁባ ጎዳና ማን እንደሚራመድ የሚወስነው የተቃውሞ ሰሌዳው በማን ላይ መነሣቱ ይመስላል። በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ብዙ ሰዎች የተባበሩት መንግሥታትን ተልእኮ በመቃወም፣ በጥር 2010 ዓ.ም. መጨረሻም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የአሜሪካን የመሣሪያ ማዕቀብ በመቃወም በከተማዋ ሲሰለፉ ከልካይ አልነበራቸውም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ግን የሕዝብ ጥምረት ለሲቪል እርምጃ የተባለው ቡድን የአገሪቱ መሪዎች ከሥልጣን እንዲወርዱ ለመጠየቅ ለነሐሴ 24 ሰላማዊ ሰልፍ ሲጠራ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት የቀድሞው የሰሜን ባህር ኤል ጋዛል አስተዳዳሪ ኩዌል አጉዌር ኩዌል ቀደም ብለው ታሰሩ፤ ሌሎቹም ተሸሸጉ። በዕለቱ የጸጥታ ኃይሎች በከተማዋ ተሰማሩ፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ተስተጓጎለ፣ ጎዳናውም ባዶውን ዋለ። ፕሬዚዳንቱ አዲሱን የሽግግር ምክር ቤት በይፋ የከፈቱት በዚያው ቀን ነበር። ያን ዕለት ሰው አለመውጣቱን የጥሪው ተቀባይነት ማጣት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም፤ ወታደር የጫነ ተሽከርካሪ በቆመበት መስቀለኛ መንገድ ላይ የሕዝብን ፍላጎት መለካት አይቻልም።

እዚህ ላይ የሕግ ሰዎች የሚያደርጉት አንድ ልዩነት ለአንባቢ ይጠቅማል። ማሳወቅ ማለት ሰልፍ አዘጋጆች ፖሊስ መንገድ እንዲያመቻችና ጥበቃ እንዲያደርግ ስለ ቦታውና ሰዓቱ አስቀድመው የሚሰጡት መረጃ ሲሆን፣ ፈቃድ ግን ባለሥልጣን ሊሰጥም ሊነፍግም የሚችለው ነገር ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ ማሳወቂያው በተግባር ወደ ፈቃድ ልመና ሲለወጥ ግን በአገራችንም ብዙ ጊዜ ታይቷል። መብት ወደ ፈቃድ በተለወጠበት ቦታ የሚፈቀደው ሰልፍ ባለሥልጣኑ የሚወደው ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሰልፍ ደግሞ ሰላማዊ ቢሆንም ነፃ አይደለም።

ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ አንድም አጠቃላይ ምርጫ አላካሄደችም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ምርጫ ሁለት ዓመት ተገፍቶ ለታኅሣሥ 2019 ዓ.ም. ተቀጥሯል፤ ለምርጫ የሚወዳደር ፓርቲ ደጋፊዎቹን ይዞ ከሎሎጎም ሆነ ከሌላ ሰፈር እስከ መሃል ጁባ መሄድ ካልቻለ፣ ቀጠሮው ቢከበር እንኳ መራጩ የሚመርጠው ጎዳና ላይ እንዲታዩ ከተፈቀደላቸው መካከል ብቻ ነው።