ስለ ክቡር ዘበኛ እግረኛ ጦር ልብስና ትጥቅ

በቢሾፍቱና በዙሪያዋ ያሉ ልጆች የአየር ኃይልን ወታደር በጫማና በቆብ እያዩ ስላደጉ፤ የጥንቱም ጦር እንዲሁ የለበሰ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረምና፤ መምህራንና ሽማግሎች ለልጆች ሲያስረዱ ይረዳቸው ዘንድ ስለ ክቡር ዘበኛ ጥቂት እንገልጻለን።

ይህ ጦር ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን የተቋቋመ ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኰንኖች መጥተው አሠለጠኑት።

ከዚያ በፊት ዘማች ሁሉ ነጭ ሸማ ይለብስ ነበር፤ ጀግናውም ለምድና ጎፈር ይደርባል። ይህ ለግርማ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ነጭነቱ ከአውሮፕላን ለሚመለከት ጠላት ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ክቡር ዘበኛ የአፈር መልክ ያለው ካኪ ለበሰ፤ በወገቡም የጥይት መያዣ ያለበት የቆዳ ዝናር ታጠቀ።

ጠመንጃው 5 ጥይት የሚጎርስ የቤልጅግ ማውዘር ነው። በምድር ባቡር ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የመጣውም የጦር መሣሪያ በዚህችው በቢሾፍቱ በኩል አልፏል። ከየአውራጃው የከተተው ጦር ግን ውጅግራም፣ አልቤንም፣ ምንሽርም ይዞ ነበርና፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጥይት ያለቀበት ሰው ከጎኑ ካለው ወንድሙ ሊበደር አይችልም ማለት ነው። ይህ ችግር ከጠመንጃ ማነስ የማይተናነስ ነበር።

ጫማ ግን ለብዙው ወታደር አልነበረውም። ባዶ እግር በገደልና በድንጋይ ላይ ፈጥኖ ለመሄድ ይመቻል፤ ያደገበትም ልማድ ነውና ማንም እንደ ጉድለት አልቈጠረውም። ነገር ግን ጠላት ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከአውሮፕላን የመርዝ ጢስ አወረደ። ጢስ ይባል እንጂ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው፤ በሣርና በድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይቈያል፤ የረገጠውንም ሰው ውስጠ እግሩን አቃጥሎ ያቈስላል። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ክቡር ዘበኛ በብርቱ ከተዋጋ በኋላ፤ ጦሩ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ሲመለስ ይኸው መርዝ ወረደበት።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከዚሁ ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣ ነው፤ በዚያም የአሜሪካ ጦር ልብስ ለብሶና ጫማ ተጫምቶ ተዋጋ።